ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ውድ አንባብያን፣ በተለይም ጧት ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት አድርሳችሁ ወደ ሥራ ገበታችሁ የምትጣደፉ እናቶች!

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ጓዳ አያያዝ፣ ስለ ልጆች ጠባይና ስለ ቤት ወጪ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ መኪና ጎማ ነው። «ይህስ የወንዶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። ይህንኑ ቃል እኔም ሰምቼ፣ ተቀብዬና ዝም ብዬ ሦስት ልጆቼን ለአደጋ አጋልጬ ነበርና።

ቤታችን ያለችው መኪና አሮጌ ላዳ ናት። ስለ ላዳ ለአዲስ አበባ ሰው ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ወላድ፣ ስንቱን በሽተኛ አመላልሳለች! የእኛይቱም የታክሲነት ዘመኗን ጨርሳ፣ ቀለሟን ለውጣ ነው ወደ ቤታችን የገባችው። ሥሪቷ የሶቪየት ኅብረት ይሁን እንጂ ዘሯ ኢጣሊያዊ ነው። በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶሊያቲ ከተማ የተቋቋመው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ላዳን ማምረት ሲጀምር መሠረት ያደረገው ፊያት 124 የተባለውን የኢጣሊያ መኪና ነበር። ይህን ያነሣሁት ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። ኋላ እንደምትመለከቱት የችግራችን ሥር እዚያ ድረስ ስለሚሄድ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የላዳችን ቸርኬዎች ተጎዱ። ቸርኬ የምለው ጎማው የሚለብስበትን ክብ ብረት ነው። የመንገዱ ጉድጓድ ጠርዛቸውን አጣሞት ነፋስ አልይዝ አሉ። በየሳምንቱ ጎሚስታ ዘንድ መሰለፍ ሆነ። ባለቤቴ በዚያው ሰሞን ዕቁብ ደረሰውና አንድ ቅዳሜ ከመርካቶ አራት የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ጭኖ መጣ። ልጆቹ እየዘለሉ ተቀበሉት። እርሱም ፊቱ በደስታ እየበራ፣

«ለአንቺ ብዬ ነው። ከእንግዲህ ጧት ጧት በጎማ አትጨነቂም» አለኝ።

«አራት ነው፤ አራት ነው»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻና ወገብ ስለካ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ከምስጋናው ቀጥሎ ከአፌ የወጣው የለመድኩት ጥያቄ ነበር። «ልካቸው ነው ወይ?» አልሁት።

«የኛ ብሎን አራት ነው፤ የዚህም ቀዳዳ አራት ነው። ሻጩም ለላዳ ይሆናል ብሎኛል» አለ። ጥቂት ቆይቶም «አንቺ ስፌትሽን ያዢ፤ የመኪናውን ነገር ለኔ ተይው» ሲል ጨመረበት።

ክፉ ቃል አይደለም። በቀልድ መልክ ነው የተናገረው። እኔም ስጦታውን የማቃለል መስሎ ታየኝና ዝም አልሁ።

ጎሚስታው አዲሶቹን ቸርኬዎች ሲያስር አጠገቡ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያው ብሎን በጣት ገባ። ሁለተኛው ትንሽ አስቸገረ። ሦስተኛው በጣት እምቢ ሲለው ልጁ ቁልፉን አምጥቶ በጉልበት ጠመዘዘው። አራተኛውንም እንደዚያው። ከዚያ እጁን እየጠረገ «ገባ!» አለ። እኔ ግን ጠባብ ቀሚስ በግድ የለበሰች ደንበኛ ትዝ አለችኝ። ቀሚሱ ይገባል፤ ስትቀመጥ ግን ስፌቱ ይተረተራል። ይህንንም አስቤ ዝም አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት መኪናዋ ትንሽ ፈጠን ስትል መሪው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለባለቤቴ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩትም። «ስጦታዬን አልወደደችውም» እንዳይል ፈራሁ። እኅቶቼ፣ ከሁሉ የሚጸጽተኝ ይህ ነው። ብሎኑን ያጠበቀው ሌላ ሰው ነው፤ ዝምታው ግን የእኔ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ ብሎን ይዞራል»

በአምስተኛው ቀን ጧት ልጆቹን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ትምህርት ቤት ስገሰግስ ከፊት በግራ በኩል ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መሪውም ወደ ጎን ሳበኝ። ዳር ይዤ ቆምሁ። ትልቁ ልጄ ወርዶ ጎማውን ነካካና፣

«እማዬ፣ ይሄ ብሎን ይዞራል» አለ።

በሁለት ጣቱ ያዞረው ነበር። አጠገቡ ያለውም እንዲሁ። እጄና እግሬ ከዳኝ። ከዚያ ቦታ ትንሽ አለፍ ብሎ ቁልቁለት አለ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ፈጣሪ ይስጣቸውና አንድ ሽማግሌ የላዳ ባለታክሲ አይተውኝ ቆሙ። «ምን ሆንሽ ልጄ?» ብለው ወረዱ። ጎማውን ጎንበስ ብለው እንዳዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክሪካቸውን አውጥተው መኪናዋን አነሡና ጎማውን ፈቱት። ከኋላ ሻንጣ ውስጥ የነበረውን ትርፍ ጎማም አወጡ፤ እርሱ በፋብሪካው የብረት ቸርኬ ላይ እንዳለ ነበር። ከዚያም «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አሉኝ።

አዲሱን ቸርኬ መሬት ላይ አጋደሙት። አሮጌውን በላዩ ደረቡት። አንዱን ቀዳዳ ከአንዱ ጋር ልክ አገናኝተው ብሎን ሰኩበት። ቀጥሎ ፊት ለፊት ያለውን ቀዳዳ በጣታቸው አሳዩኝ። ሁለቱ ቀዳዳዎች አልተገጣጠሙም። በጠርዙ በኩል እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ ልዩነት ይታያል።

«ይህቺን አየሻት? ሁለት ሚሊ ሜትር ናት። ዓይን አያያትም፤ ብሎን ግን ያያታል። ጋሽዬ ሻጩ ገባ ብሎ ሸጦልሻል። መግባቱማ ይገባል። ልክ ግን አይደለም» አሉ።

ልጆቹን በሌላ ታክሲ አሳፍሬ ሰደድኋቸው። ሽማግሌው ትርፉን ጎማ በቦታው አሰሩልኝ፤ የሦስቱንም ብሎኖች መረመሩ። መኪናዋን እዚያው አቅራቢያ ግቢ ለምነን አስገባናት እንጂ ከዚያ ወዲያ አልነዳኋትም።

ማታ ባለቤቴ ሲመጣ አልጮህኩም። ሁለቱን ቸርኬዎች በረንዳ ላይ ደርቤ ጠበቅሁት። ብሎኑን ሰክቶ እንዲያይ ነገርኩት። አየ። ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገር ተቀመጠ። ከዚያ «ለካ አንቺ ጠይቀሽኝ ነበር» አለ። «እኔም መልሼ መጠየቅ ነበረብኝ» አልሁት። ክርክራችን በዚሁ አበቃ፤ መለካት ጀመርን።

ከመግዛት በፊት ምን ይለካል?

በመጀመሪያ ያነሣሁት የልብስ ስፌት ሜትሬን ነበር። የጨርቅ ሜትር ግን እየቆየ ይለጠጣልና ለሁለት ሚሊ ሜትር አይታመንም። የልጄን የብረት ማስመሪያ ወሰድሁ። ያገኘነውንና ከዚያ በኋላ ከአንድ አዛውንት መካኒክ የተማርነውን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

አንደኛው የቀዳዳዎቹ ርቀት ነው። ብዛታቸው መመሳሰሉ ብቻ አይበቃም። ቀዳዳው አራት ከሆነ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ምረጡና ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ለኩ። ይህ ከመሐል እስከ መሐል ከመለካት ጋር አንድ ነው፤ መሐሉን በዓይን ከመገመት ግን ያድናል። ከመኪናው ላይ ሳይሆን ከአሮጌው ቸርኬ በስተጀርባ መለካት ይቀላል፤ መኪናው ላይ መካከሉ ያበጠ ስለሆነ ማስመሪያው አይጋደምም።

የላዳችን ቸርኬ 98 ሚሊ ሜትር ሆነ። አዲሱ 100 ሆነ። እነሆ የኢጣሊያው ዘር! 98 ፊያት የሚጠቀምበት ልክ ነው፤ ላዳም ከእርሱ ወረሰችው። ዛሬ በከተማችን የሞሉት ቪትዝና በርከት ያሉ የኋለኞቹ ኮሮላዎች ግን 100 ናቸው። ስለዚህ ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 100 ነው፤ ላዳ ያለው ሰውም በቀላሉ የሚታለለው በዚህ ነው።

ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። የላዳ ብሎን አንገቱ ሾጣጣ ነው። የቸርኬው ቀዳዳ አፍም ያንን ሾጣጣ እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ ነው። ልኩ ሲገጥም ሾጣጣው ዙሪያውን ሞልቶ ይቀመጣል። ሳይገጥም ሲቀር ግን በአንድ ጎኑ ብቻ ይነክሳል፤ ብሎኑም ጎበጥ ብሎ ይታሰራል። የላዳ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ550 ጊዜ በላይ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ያ የጎበጠ ብሎን ይለመጣል። ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወይ ይላላል፣ ወይ ይበጠሳል።

ላዳ የሌላችሁም ይህ አይመለከተንም አትበሉ። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት መኪኖች እንኳ ልካቸው ይለያያል። በኋላ እግሯ የምትነዳዋ የ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ 114.3 ሚሊ ሜትር ስትሆን፣ እርሷን ተከትላ የመጣችው በፊት እግሯ የምትነዳዋ ኮሮላ 100 ናት። የድሮዋ ቮልስዋገን አምስት ብሎን ያላት ሆና ስፋቱ 205 ነው፤ የኋለኛዋ ደግሞ አራት ብሎንና 130 ነው። ሁለቱ ቮልሶች ጎን ለጎን ቢቆሙ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ጫማቸው ግን አይወራረስም።

ሁለተኛው የመሐሉ ቀዳዳ ነው። ቸርኬው የሚያርፈው መካኒኮች ሞዞ በሚሉት አካል ላይ ሲሆን፣ የሞዞው ያበጠ መሐል በቸርኬው መካከለኛ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። የላዳ ከ58 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የቪትዝ ቸርኬ ቀዳዳ 54 ስለሆነ ጭራሽ አያልፍም፤ ይህ እንኳ በጎ ነው፤ ስሕተቱ ወዲያው ይታያልና። አደገኞቹ ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆኑ ተብለው ቀዳዳቸው ሰፍቶ የተሠሩት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ናቸው። የእኛዎቹ እንዲህ ነበሩ። ሰተት ብለው ሲገቡ ልካቸው ይመስላል። የብሎኑ ርቀት ትክክል ሆኖ የመሐሉ ቀዳዳ ብቻ ቢሰፋ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ቀለበት አለ። የብሎኑን ርቀት ስሕተት ግን ቀለበት አያርመውም።

ሦስተኛው ጥልቀት ነው። ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገናኝበት ገጽ ከስፋቱ እኩሌታ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደራቀ ማለት ነው። በብዙ ቸርኬዎች ላይ «ኢቲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና ከአጠገባቸው አንድ ቁጥር ተቀርጸው ይገኛሉ። የላዳ 29 አካባቢ ነው። በፊት እግራቸው የሚነዱት አዳዲስ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ቁጥሩ ሲበልጥ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባና ከመኪናው እግር ብረት ጋር ይፋተጋል። ሲያንስ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣና ፓራፋንጎውን ይነካል፤ ኩሽኔታውንም ያደክማል። ቁጥር ለማንበብ ቢቸግራችሁ ሙከራው ቀላል ነው። ጎማውን አስራችሁ መኪናው በክሪክ እንደተነሣ በእጅ አዙሩት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ አዙሩ። ከዚያ አውርዳችሁ ቤተሰቡን በሙሉ አሳፍሩና ደግማችሁ ተመልከቱ። ባዶ መኪና የማይነካው ልጆች ሲጫኑበት ይነካልና።

አራተኛው ብሎኑ ራሱ ነው። የቶዮታ ብሎን ከሞዞው ላይ ተተክሎ በዳዶ ይታሰራል። የላዳ ግን በቸርኬው አልፎ ሞዞው ውስጥ የሚጠመዘዝ ነው። ጥርሱም ይለያል፤ የላዳ በ1.25 ሚሊ ሜትር፣ የቶዮታ በ1.5 ይራመዳል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከብረቱ ስለሚወፍር የድሮው ብሎን ሊያጥር ይችላል። ልጅ እንኳ የሚያደርገው መፈተኛ አለ። ብሎኑን በጣት እያስገባችሁ ዙሩን ቁጠሩ። የብሎኑን ውፍረት ያህል፣ ማለትም 12 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። ይህም ለላዳ ከ9 እስከ 10 ዙር መሆኑ ነው። ከዚያ ካነሰ ረዘም ያለ ብሎን ያስፈልጋል። ከመጠን በላይ ሲረዝም ደግሞ ከኋላ የፍሬን ዕቃ ሊነካ ይችላል። የሾጣጣውም ቅርጽ ከቸርኬው አፍ ጋር መግጠሙ ይታይ። የድሮ ቮልስዋገን ብሎን አንገቱ እንደ ኳስ የከበበ ነው፤ በሾጣጣ ቢለወጥ አይቀመጥም።

አምስተኛው የጎማው ቁመት ነው። የእኛ ላዳ ጎማ 175/70 በ13 ሲሆን ቁመቱ 575 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ባለ 14 ቸርኬ የሚያደርግ ሰው 175/65 ጎማ ቢያለብስበት 583 ይሆናል፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ልዩነቱ ከመቶ ሦስት እጅ ካለፈ ግን የፍጥነት መቁጠሪያው ይሳሳታል፤ ጎማውም ዙሪያውን መነካካት ይጀምራል።

በመጨረሻ ስለ አስተሳሰሩ። ሞዞውና ቸርኬው የሚገናኙበት ገጽ ከዝገትና ከጭቃ ይጽዳ። ብሎን ሁሉ በጣት ይጀመር። በጣት የማይጀመር ብሎን «ልኬ አይደለም» እያለ የሚናገር ብሎን ነው፤ ስሙት። ጎማው ከመሬት ሳይነካ በመስቀለኛ፣ አንዱን ከዚያም ፊት ለፊቱን እያደረጋችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። በቁልፉ ላይ በእግር መቆም ብሎን ያስረዝማል፤ አይጠቅምም። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግሞ እንደገና መፈተሽ አለበት።

ያለቀው እንዴት ነው?

ባለቤቴ ቸርኬዎቹን ይዞ ወደ ሻጩ ተመለሰ። ሻጩ ብር መመለስ አልፈቀደም። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በግማሽ ዋጋ ተቀበለው። የዕቁቡ ግማሽ እንዲህ ሆኖ ቀረ። በቀረው ብር ከሌላ ሰው አራት የላዳ የብረት ቸርኬ ገዛን። አብረን ነበር የሄድነው። እኔ ማስመሪያውን፣ እርሱ አሮጌውን ቸርኬ ይዞ። ባለሱቁ ማስመሪያዬን ሲያይ ፈገግ ብሎ «እትዬ፣ ልብስ ሊሰፉ ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎን፣ ለልጆቼ» አልሁት። 98 መሆኑን አይቼ፣ ደርቤ፣ ብሎን ሰክቼ፣ ጨረቃዋ አለመኖሯን አረጋግጬ ነው የከፈልነው።

አዲሶቹ አያብረቀርቁም። አንደኛው እንዲያውም ቀለሙ ተላልጧል። መሪው ግን በእጄ ውስጥ ጸጥ ብሏል። ትንሿ ልጄም ሁልጊዜ ሰኞ ጧት ከመነሣታችን በፊት መኪናዋን ዞራ ብሎኖቹን በጣቷ ትነካለች። ማንም አላዘዛትም።

ውድ እኅቶቼ፣ ወንድሞቼም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። ስለ መኪና ብዙ ማወቅ አያሻም። በመኪናው ውስጥ የምትቀመጡ፣ ልጆቻችሁንም የምታስቀምጡ እናንተ ናችሁና «ልኩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። መልሱ «አራት ነው፤ አራት ነው» ወይም «ገባ» ከሆነ ማስመሪያ አምጡ። የሚወዱት ሰው የሰጠው ስጦታ ቢሆንም እንኳ አምጡ። ስጦታውን አክብሮ መለካት ሰጪውን መናቅ አይደለም። እኔ ዝም ያልሁት ባለቤቴን እንዳላስቀይም ነበር፤ በዚያ ጧት ግን ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።